ከጽሕፈት መኪና እስከ ዩኒኮድ፦ የአማርኛ የሕግ ሰነድና የፍለጋው ችግር

ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ የኢትዮጵያ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይወጣል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደግሞ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር አማርኛው የበላይነት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ እንዲሆን ካደረገ በኋላ፣ የቀደመ ውሳኔን ፈልጎ ማግኘት የክርክር አካል ሆነ። ስለሆነም የፍለጋ ስልት ጉድለት የተከራካሪን መብት እስከ መንካት ይደርሳል።

የችግሩ ሥር ግን ከኮምፒዩተር ይቀድማል። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወቀው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የፊደሉን አካልና ቅጥያውን እየገጣጠመ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ፎንቶችም ከዚህ የራቀ ዕጣ አልገጠማቸውም። በስምንት ቢት አሠራር የሚገኘው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፣ የላቲኑ ፊደልና ምልክቶች ከፊሉን አስቀድመው ይዘውታል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ፊደሉን በበርካታ ፎንቶች ከፋፈሉት ወይም ከቁርጥራጭ አቀናበሩት፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ኮድ ሰጡት። በዚያ ዘመን የተጻፈ ውል ዛሬ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ኮድ ሰጠ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ ለየብቻቸው ተመዘገቡ። በግዕዝ የተለያዩ ድምፆች የነበሩ በመሆናቸውና ትግርኛም ዛሬ ሀንና ሐን፣ አንና ዐን ስለሚለይ ውሳኔው ተገቢ ነበር። በአማርኛ ግን የድምፅ ልዩነቱ ጠፍቶ የአጻጻፍ ልዩነቱ ቀርቷል። «ዐቃቤ ሕግ» የሚለው ስያሜ በ«አ»፣ በ«ኣ»፣ በ«ዐ» ወይም በ«ዓ» ሊጀምር ይችላል፤ «ሕ»ም በሦስት መልክ ይጻፋል። ከዚህ የሚገኙት 12 አጻጻፎች ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለማሽኑ 12 ቃላት ናቸው። በቀድሞ ሕጎች የሚገኘው «ቍጥር»ም ዛሬ ከተለመደው «ቁጥር» ጋር አይገናኝም።

ሁለተኛው ችግር ከእርባታ ይመነጫል። «ሕግ» ብሎ የፈለገ ሰው «በሕግ»ን ያገኛል፤ «ሕጉ»ን፣ «ሕጎች»ን እና «ሕጋዊ»ን ግን አያገኝም፤ አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ቅርጽ ስለተዋሐደ የቃሉ መጨረሻ ፊደል ራሱ ይለወጣል። «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ምርጫ ሲታከልበት «በሕግ»ም ያመልጣል። መፍትሔውን የሚጠቁመው ራሱ የገበታው ሥርዓት ነው። ዩኒኮድ የፊደሉን ቤቶች በተርታ ስላስቀመጣቸው፣ የፍለጋ ንድፍ በሚቀበሉ ፕሮግራሞች [ገ-ጎ] ተብሎ ሲጻፍ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱም ቅርጾች ይያዛሉ። ስለዚህ [ህሕኅ][ገ-ጎ] የሚለው ንድፍ የ«ሕግ»ን አብዛኞቹን መልኮች በአንድ ጊዜ ያወጣል። የማይፈለጉ ቃላትም አብረው ይመጣሉ፤ ሆኖም በሰነድ ምርመራ ትርፉን ማጣራት የጎደለውን ከማጣት ይሻላል።

ሦስተኛው ችግር ሥርዓተ ነጥብ ነው። አራት ነጥብ አንዳንዴ እንደ አንድ ምልክት (።)፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ በተመታ ሁለት ነጥብ (፡፡) ይጻፋል። ለዓይን አንድ ቢመስሉም፣ ዓረፍተ ነገርን በምልክቱ የሚለይ ፕሮግራም በሁለተኛው ላይ ይሳሳታል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ፊደሉን በሰነዱ ላይ ማስተካከል ቀላል መውጫ ይመስላል፤ አደጋው ግን እዚያው አለ። በግዕዙ ሥርዓት «ሰረቀ» የሌባ፣ «ሠረቀ» የፀሐይ ግብር ነው፤ የተከራካሪ ስምም በመዝገብ እንደተጻፈ መቆየት አለበት። የሚሻለው ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ፣ ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋው ማውጫ ውስጥ ብቻ ማቀራረብ ነው። እንዲህ ሲሆን ፈላጊው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ይደርስበታል፤ የሚያነበው ግን ሕግ አውጪው ወይም ዳኛው የጻፈውን ነው። የትኞቹ ፊደላት በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀራረቡ መወሰን ደግሞ የፕሮግራም አዘጋጁ ብቻ ሳይሆን የቋንቋ አጥኚውም ሥራ ነው፤ ለአማርኛ የተሠራ ማውጫ ለትግርኛ ሰነድ ቢውል የቋንቋውን ቃላት ያደባልቃልና።