አምፖሏን ማን ገደላት? የአንድ ሺህ ሰዓቱ ስምምነት ታሪክ

አምፖል ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው የሚገጥመውን ሁሉም ያውቀዋል። ባለሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ አምፖሉን ባንኮኒው ላይ ባለው መሞከሪያ ያስገባና «ይኸው፣ በራልህ» ይላል። ገዢው ከፍሎ ይሄዳል። አምፖሉ በወሩ ተቃጥሎበት ቢመለስ መልሱ የታወቀ ነው፦ «እያየኸው አይደል እንዴ የወሰድከው?» እውነት ነው፣ እያየ ወስዶታል። ያየው ግን መብራቱን እንጂ ዕድሜውን አልነበረም።

«የድሮ ዕቃ» የሚለው አባባል ዛሬ ሙገሳ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካውያው፣ ፍሪጁ፣ ስልኩ ቶሎ ሲበላሽ ብዙ ሰው «ጥራት የለውም» ብሎ አያቆምም፤ «ደግመን እንድንገዛ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሚሠሩት» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጥርጣሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዕቃ ላይ ግን ማስረጃው ከነቅጣት ሠንጠረዡ ተገኝቷል። ዕቃው ያው አምፖል ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ታሪኩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል፤ በብዛት የሚነገረው ግማሹ ብቻ ነውና።

ታሪኩ የሚጀምረው በስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1924 የዓለም ታላላቅ አምፖል አምራቾች ተወካዮች ተሰብስበው አንድ ስምምነት ፈረሙ። የጀርመኑ ኦስራም፣ የኔዘርላንድሱ ፊሊፕስ፣ የፈረንሳዩ ኮምፓኚ ዴ ላምፕ፣ የሃንጋሪው ቱንግስራም፣ የጃፓኑ ቶኪዮ ኤሌክትሪክ ነበሩበት። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በስሙ ባይፈርምም በውጭ አገር ኩባንያዎቹና በፓተንት ውሎቹ በኩል እጁ ነበረበት። ማኅበሩ «ፌቡስ» ተባለ፤ ስሙ ከግሪኮች የፀሐይ አምላክ የተወሰደ ነው።

ድርጅቶቹን ያሰባሰባቸው ፍርሃት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያው ይዋዥቅ ነበር። ኦስራም በጀርመን በ1922/23 የሒሳብ ዓመት 63 ሚሊዮን አምፖል ሸጦ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ 28 ሚሊዮን ወረደበት። አምፖሎቹ ደግሞ ዕድሜያቸው እየረዘመ ሄዶ ነበር፤ ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት የሚበሩ ብዙ ነበሩ። ለገዢው ጥሩ የሆነው ለሻጩ ጭንቀት ሆነ።

ስምምነቱ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ገበያ መከፋፈል ነው፤ ማን የት አገር እንደሚሸጥና ምን ያህል እንደሚሸጥ በኮታ ተወሰነ። ሁለተኛው የአምፖሉን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ መቁረጥ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ናሙና ወደ ስዊዘርላንድ ቤተ ሙከራ ይልካል፤ አምፖሎቹ እስኪቃጠሉ ድረስ እየበሩ ሰዓታቸው ይቆጠራል። ከተወሰነው በላይ የኖረ አምፖል ያመረተ ድርጅት በሸጠው በየ1,000 አምፖል ልክ በስዊስ ፍራንክ ይቀጣል። በ1929 የወጣው የቅጣት ሠንጠረዥ የትኛው የሰዓት ብልጫ ስንት እንደሚያስከፍል በዝርዝር ያሳያል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ1926 ገደማ 1,800 ሰዓት የነበረው አማካይ ዕድሜ በ1933/34 ወደ 1,205 ሰዓት ወረደ። ይህም መሐንዲሶች ረጅም ዕድሜ ያለውን አምፖል አሳጥሮ ለመሥራት ተመራምረው የደረሱበት ውጤት ነው።

እዚህ ድረስ ያለው ክፍል በዶክመንተሪም በቪዲዮም ተደጋግሞ ይነገራል። አድማጩም «ድሮስ ብዬ አልነበር!» ብሎ ይነሣል። ሁለተኛው ግማሽ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው።

የዚያ ዘመን አምፖል ብርሃን የሚሰጠው በውስጡ ያለው ቀጭን የተንግስተን ክር በኤሌክትሪክ ሲግል ነው። ክሩ በጣም በጋለ ቁጥር ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ድርሻ ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ይተንና ይበጠሳል። ቀዝቀዝ ብሎ እንዲሠራ ከተደረገ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ብርሃኑ ግን ይደክማል፣ የሚበላው ኤሌክትሪክም ከሚሰጠው ብርሃን አንጻር ይበዛል። ለምሳሌ ቮልቴጁ በ5 በመቶ ቢቀንስ የአምፖሉ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ብርሃኑ ግን 16 በመቶ ያህል ይወርዳል።

በካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ የሚበራ አምፖል አለ። ብዙዎች «ሲፈልጉ እንዲህ መሥራት ይችሉ ነበር» ለማለት ይጠቅሱታል። ይህ አምፖል ዛሬ የሚወስደው ኃይል 4 ዋት ያህል ነው፤ በፍሙ መጽሐፍ ማንበብ ይከብዳል። መቶ ዓመት የኖረው ሥራውን ትቶ ነው ማለት ይቻላል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። 60 ዋት አምፖል በ1,000 ሰዓት 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ዕድሜው በእጥፍ እንዲረዝም ተደርጎ ቢሠራ ያንኑ ብርሃን ለማግኘት 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ይህም 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል ወይስ የግማሽ አምፖል ዋጋ የሚለው ነው። ኤሌክትሪክ ውድ፣ አምፖል ርካሽ በሆነበት ከተማ አጭር ዕድሜ ያለው ደማቅ አምፖል ለገዢው ያተርፋል። ኤሌክትሪክ ርካሽ፣ አምፖሉ ግን ከባሕር ማዶ በውድ የሚመጣ በሆነበት አገር ደግሞ ረጅም ዕድሜ ያለው ይሻላል።

የብሪታንያ የሞኖፖሊ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ1951 ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ነው የተናገረው። ለሁሉም ቦታ ትክክል የሚሆን አንድ ዕድሜ የለም፤ 1,000 ሰዓት የተጋጩ ፍላጎቶች መካከለኛ ማስታረቂያ ሊሆን ይችላል ሲል ደመደመ። ስለዚህ «1,000 ሰዓት» የሚለው ቁጥር በራሱ የወንጀል ማስረጃ አይደለም።

ታዲያ ፌቡስ ንጹሕ ነበር? አልነበረም። ጥፋቱ ያለው ግን ብዙ ሰው ከሚፈልግበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ነው።

አንደኛ፣ የአምራቾቹ ደብዳቤዎች ስለ ሸማቹ የመብራት ሒሳብ አይጨነቁም። አንዳንድ አባላት ከፍ ላለ ቮልቴጅ የተሠራ አምፖል በመሸጥ ዕድሜውን በዘዴ ማራዘም ሲጀምሩ የፊሊፕሱ አንቶን ፊሊፕስ ለአሜሪካው አጋር ቅሬታ ጽፏል። የቅሬታው ይዘት ከረጅም ዕድሜ አምፖል ዘመን ለመውጣት ይህን ያህል ደክመን ወደዚያው ልንመለስ አይገባም የሚል ነበር። በአሜሪካም በ1949 ጄኔራል ኤሌክትሪክ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ጥሷል ብሎ የኒው ጀርሲ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሲወስን አንድ የ1932 ደብዳቤ በማስረጃነት ታይቷል። ደብዳቤው ስለ እጅ ባትሪ አምፖል ነው። አምፖሉ ቀድሞ ሦስት ዙር ድንጋይ ይጨርስ ነበር፤ ወደ ሁለት ወርዷል፤ አሁን ደግሞ ወደ አንድ ብናወርደው ሽያጫችን በ60 በመቶ ያህል ያድጋል ይላል ጸሐፊው። እንዲህ ዓይነቱን ሐሳብ «ማስታረቂያ» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሁለተኛውና ዋናው ጥፋት ምርጫውን መዝጋታቸው ነው። የትኛው አምፖል እንደሚያዋጣ የሚወስነው የኤሌክትሪኩና የአምፖሉ ዋጋ ከሆነ መምረጥ የነበረበት ከፋዩ ነው። ፌቡስ ግን ለፓሪሱም ለቦምቤዩም ቤት አንድ ቁጥር ወሰነ፤ ሌላ ለማቅረብ የሞከረውን ቀጣ፤ ለገዢው ስለ ስምምነቱ አልነገረውም። ካርቶኑ ላይ «ይህ አምፖል 1,000 ሰዓት ይበራል፣ በምትኩ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ከፈለጉ ባለ 2,000 ሰዓቱም አለ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ማጭበርበር የሚለው ስም ባልተሰጠው ነበር።

ምርጫው ሲከፈት ምን እንደሚሆን ስዊድን አሳይታለች። በዚያ አገር የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት «ኮኦፔራቲቫ ፎርቡንዴት» በሚባል አንድ ኅብረት ሥር ተደራጅተው ነበር። ይህ ኅብረት ከዚያ በፊት የማርጋሪን አምራቾችንና የጎማ ጫማ አምራቾችን ስምምነት የራሱን ፋብሪካ ይዞ በመግባት ሰብሯል። የአምፖል ዋጋ በስዊድን ከሚገባው በላይ መሆኑን ሲያይ ያንኑ ደገመ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በስቶክሆልም «ሉማ» የተባለ የአምፖል ፋብሪካ አቋቋመ። ካርቴሉ ያስፈራራው ነበር፤ አልተመለሰም። የአገሪቱ የአምፖል ዋጋ ወረደ፤ ሉማም ወደ ሌሎቹ የስካንዲኔቪያ አገሮች፣ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ግላስጎው ተሻገረ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በጄኔቫ ያበረው ድር ሸማቹን አስሮት ነበር፤ በስቶክሆልም ሸማቹ ራሱ ድር ሆነ። ፌቡስ እስከ 1955 እንዲቆይ ታስቦ የተፈረመ ቢሆንም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፈረሰ። 1,000 ሰዓት ግን ካርቴሉ ከሞተም በኋላ የተራ አምፖል ልክ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ።

ይህ የድሮ ነገር እንዳይመስል ስልኮችን ማየት ይበቃል። በ2017 መጨረሻ አፕል ባትሪያቸው ያረጁ አይፎኖችን በሶፍትዌር እያዘገመ መሆኑን አመነ። ያቀረበው ምክንያት ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው የሚል ነበር፤ በቴክኒክ ረገድ የማይረባ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በ2020 የፈረንሳይ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለው። ያስከፈለው ደንበኛው አለመነገሩ ነው። ባትሪ በመቀየር ብቻ የሚፈታውን ችግር ስልኩ ያረጀ የመሰለው ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ ፈትቶታል። ከአምፖሉ ታሪክ ጋር ልክ እንደ መንትያ ነው፦ ለሥራው ሲባል አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል፣ ምርጫውን ግን ከባለቤቱ መደበቅ።

ወደ ሱቁ ባንኮኒ እንመለስ። ዛሬ እዚያ የሚሸጠው በአብዛኛው ኤልኢዲ ነው። ካርቶኑ ላይ «25,000 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ከ13 ዓመት በላይ ማለት ነው። በወሩ የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ብርሃን የሚሰጡት ትንንሽ ነጥቦች እውነትም ብዙ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ኃይሉን የሚያስተካክልላቸው ሰርኪዩት ነው። ርካሽ ሰርኪዩት ሙቀትንና ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅን አይችልም። በተደፈነ ግሎብ ውስጥ ሲገጠም ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ሲዘል ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ጥፋቱ የአምራቹ፣ የአስመጪው፣ የመስመሩ ወይም የገጠማው ሊሆን ይችላል። «ሆን ብለው ነው» ብሎ መራገም ከአራቱ አንዱንም ተጠያቂ አያደርግም።

ተጠያቂ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ተወዳዳሪ ነጋዴዎች በዋጋ እንዳይመሳጠሩም ይከለክላል። የፌቡስ ሁለት ጥፋቶች በእኛው ሕግ በወረቀት ላይ አሉ ማለት ነው። ከወረቀት የሚያወርዳቸው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት ተስፋ ሳይሆን ቃል መሆኑን ገዢው ሲጠይቅና ተቆጣጣሪውም ናሙና ወስዶ ሲለካ ነው። የጄኔቫው ካርቴል አምፖል እያበራ ሰዓት የሚቆጥር ቤተ ሙከራ ለራሱ ጥቅም አቋቁሞ ነበር። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ለሸማቹ የሚቆጥርበት አገር የተሻለ ይሆን ነበር።

እስከዚያው ድረስ ባለሱቁ «ይኸው፣ በራልህ» ሲል የሚመለስለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «መብራቱን አይቻለሁ፤ ዋስትናው ስንት ወር ነው? ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ።» መጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ራሱም አላመነበትም።