የንግሥተ ሳባ እግርና የአክስቴ ሃላዋ

ለመጀመሪያ ጊዜ የእግሬን ጸጉር ያስነሳሁት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ፣ በአክስቴ እጅ ነው። አክስቴ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ይዛ ከመጣቻቸው ሙያዎች አንዱ ሃላዋ ማፍላት ነበር። ስኳር፣ ሎሚና ትንሽ ውሃ ድስት ላይ ትጥዳለች። ማር መስሎ ሲቀላ ታወርደዋለች። ለብ ሲል በጣቷ እየለወሰች ባቴ ላይ ለጥፋ ሳላስበው ላጥ! ጮህኩ። እሷ ሳቀች። «ዝም በይ አንቺ፣ ማዳም እንኳ እንዳንቺ አትጮህም ነበር!»

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንዴ በሃላዋ አንዴ በሳሎን ዋክስ፣ ወር ሳያልፈኝ ተሠራሁ። ዛሬ ብብቴ ከቀረው ገላዬ በሁለት እጥፍ ጠቁሯል። ጭኔ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ነጠብጣብ አለ። እጅጌ የሌለው ልብስ ለመልበስ ብዬ የጀመርኩት ነገር፣ እጅጌ የሌለው ልብስ መልበስ አስተወኝ። ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ንዴት ነው። ሰው ጸጉሩን መንቀል ከመቼ ጀመረ? ቆዳውስ ምን ከፈለ?

መልሱ ሩቅ ይሄዳል። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ የግብፅ ካህናት ቅማል እንዳይዛቸው ብለው በየሁለት ቀኑ መላ ሰውነታቸውን እንደሚላጩ ጽፏል። ከግብፅ መቃብሮችም የነሐስ ምላጭና ወረንጦ ወጥቷል። ሮም ደግሞ ሴኔካ ከመታጠቢያ ቤት በላይ ተከራይቶ ሲኖር ስለረበሸው ድምፅ በደብዳቤ ያማርራል። ከሚያማርርባቸው አንዱ የብብት ጸጉር ነቃዩ ነው፤ ደንበኛ ፍለጋ ይጮሃል፣ ዝም የሚለው ደንበኛው በተራው ሲጮህ ብቻ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፣ የአክስቴን ሳሎን ያየሁ መሰለኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የራሳችን ንግሥት ጉዳይ ነው። ቁርኣን ውስጥ የሳባ ንግሥት የሰሎሞንን የብርጭቆ ወለል ውሃ መስሏት እግሯን ትገልጣለች። ስለ ጸጉር የተባለ ነገር የለም። በኋላ የመጡ የአይሁድና የዐረብ ተራኪዎች ግን ጨመሩበት፦ እግሯ ጸጉራም ነበር፣ ሰሎሞንም አልወደደውም፣ ጂኒዎቹም ከኖራ የጸጉር ማርገፊያ ሠሩላት ተባለ። ክብረ ነገሥትን ብታገላብጡ ይህን ወሬ አታገኙትም። እኛ ዘንድ ማክዳ የምትታለለው በቅመም በበዛበት እራትና በውሃ ጥም ነው፤ እግሯን ማንም አልመረመረውም። አንዲት ንግሥት፣ ሁለት ዓይነት አተያይ። ጸጉር ነውር የሚሆነው ተራኪው ነውር ነው ሲል ነው ማለት ነው።

የኖራው ነገር ግን ተረት ብቻ አይደለም። በኦቶማን ዘመን ሐማሞች ውስጥ ሩስማ የሚባል ማርገፊያ ነበር፤ የተሠራው ከኖራና አርሴኒክ ካለበት ቢጫ ማዕድን ነው። ጸጉሩን በደቂቃዎች ያሟሟል። ጥቂት ከቆየ ደግሞ ቆዳውንም ያቃጥላል። ስለዚህ ሙያው ያለው መቀባቱ ላይ ሳይሆን በጊዜ መታጠቡ ላይ ነበር።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ላይ ደግሞ ነገሩ ገበያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1915 ጂሌት በአሜሪካ ለሴቶች የተዘጋጀ የመጀመሪያውን መላጫውን አወጣ። በ1920ዎቹ የውበት ሳሎኖች ጸጉርን በራጅ ማርገፍ ጀመሩ። አያምም፣ አይደማም፤ ዓመታት ቆይቶ ግን የብዙዎቹ ቆዳ ተሸበሸበ፣ ቆሰለ፣ ካንሰርም ያመጣባቸው ነበሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኮረምሉ የሚባል ክሬም ተሸጠ። ውስጡ ያለው ታሊየም፣ ማለትም የአይጥ መርዝ ነበር። የተቀቡት ሴቶች የራስ ጸጉራቸው ረገፈ፣ ነርቫቸው ተጎዳ። በጊዜው የነበረው የ1906 ሕግ መዋቢያን አይመለከትም ነበርና ምርቱን ከገበያ የሚያግድ አልተገኘም። መዋቢያ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የገባው በ1938ቱ ሕግ ነው።

ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ሰምና ስኳር የዋህ ናቸው። በ1987 ሰባት ብራዚላውያን እህትማማቾች ማንሃተን ውስጥ ሳሎን ከፈቱ፤ ዛሬ ብራዚሊያን የሚባለውን ዋክስ ያስፋፉት እነሱ ናቸው። በ2009 የኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሁለት ሴቶች ተጎድተው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ይህን ዋክስ ሊከለክል አስቦ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት ሐሳቡን ተወ።

ታዲያ የኔ ቆዳ ምን ነካው? ሰሙ ሲላጥ ጸጉሩን ከሥሩ ይነቅላል፤ ከላይ ያለውን ስስ የቆዳ ሽፋንም አብሮ ያነሳል። ባዶ የቀረው ቀዳዳ ባክቴሪያ ከገባበት ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። የእኛ ጸጉር ደግሞ ጥቅልል ነው። ተመልሶ ሲያድግ ቀጥ ብሎ መውጣት ትቶ ታጥፎ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ገላችን እሾህ የገባበት ይመስለውና ይቆጣል። ጠይም ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ሜላኒን ያመርታል። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ የቁስል ማስታወሻ ነው። በየወሩ ስትነቅሉት፣ የበፊቱ ሳይጠፋ አዲስ ይደረብበታል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ጥቁረቱን ለማጥፋት የሚያቀላ ክሬም ገዝቼ ተቀባሁ፣ ዋክሱንም ቀጠልኩ። ብዙዎቹ ማቅሊያዎች ስቴሮይድ አለባቸው፤ ስቴሮይድ ሲደጋገም ቆዳን ያሳሳል። የብጉር ሬቲኖይድም ቆዳን ለመላጥ ያጋልጣል። አንድ ቀን ሰሙ ሲነሳ ቆዳዬ አብሮ ተነሳ። እሱ ሲድን ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ጠቆረ። በክብ እየዞርኩ ነበር።

ስለዚህ ሁሉ ለአክስቴ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ነገርኳት። ስለ ሩስማው፣ ስለ ራጁ፣ ስለ ንግሥቲቱ። ዝም ብላ ሰማችኝና ቀኝ መዳፏን ዘረጋችልኝ። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ። ስንት ጊዜ ያን እጅ ይዤ ስስም አላየሁትም!

«ማዳም ቸኩላ ነበር» አለችኝ። «ሳይበርድ በእጄ አነሳሁት።»

ያነበብኳቸው ታሪኮች ሁሉ ስለሚነቀልለት ሰው ቆዳ ነበሩ። ሴኔካም ስለ ነቃዩ ጩኸት እንጂ ስለ ነቃዩ ጣት አልጻፈም።

እኔ ማስነሳት ካቆምኩ አራት ወር ሆኖኛል። ሲያስፈልገኝ በመቀስ አሳጥረዋለሁ። ነጠብጣቡ ቀስ እያለ እየለቀቀ ነው፣ ብብቴ ግን ገና ነው። አክስቴ አሁንም ሰፈር ውስጥ ለሙሽሮች ሃላዋ ታፈላለች፤ እንጀራዋ ስለሆነ ተዪው አልላትም። አሁን ግን ድስቱን ከማውረዷ በፊት አጠገቧ ቆሜ «ይብረድ» እላለሁ። ሙሽሮቹንም ምን ክሬም እንደሚቀቡ እጠይቃለሁ። ማቅሊያ የምትቀባ ካለች አክስቴ እጇን ታጥባ «አንቺን ዛሬ አልነካም» ትላታለች።