«ኮንዲሽናል ኦፈር» ምን ማለት ነው?

ከብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ በመጣ ኢሜይል ላይ «ኮንዲሽናል ኦፈር» የሚል ያነበበ አመልካች አንድም «ተቀበሉኝ» ብሎ ዘመድ ይጠራል፣ አንድም «ገና እያሰቡበት ነው» ብሎ ይተክዛል። ሁለቱም አልሆነም። ቃሉ የሚለው ዩኒቨርሲቲው ወስኗል፣ የቀረው ሥራ የአመልካቹ ነው። ኦፈሩን ተቀብሎ የተጠየቀውን ቅድመ ሁኔታ በጊዜው ካሟላ ቦታው የእሱ ነው፤ ከሌላ አመልካች ጋር ዳግም አይወዳደርም። ከአሜሪካኖቹ «ዌይትሊስት» የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ተጠባባቂው የሚገባው ሌሎች ቦታ ሲለቁ ነው።

«እንግዲያው ቅድመ ሁኔታው ለወጉ ያህል ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። «አይኤልትስ በአጠቃላይ 6.5፣ በየትኛውም ክፍል ከ6.0 ያላነሰ» የሚለውን፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናን የሚመለከት የተለመደ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። በማዳመጥ 7.5፣ በማንበብ 8፣ በመናገር 7፣ በመጻፍ 5.5 ያመጣ ተፈታኝ አማካዩ 7 ነው፤ ቅድመ ሁኔታውን ግን አላሟላም። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለችው ሐረግ ጣለችው። በጥቂቱ የጎደለውን የሚያልፉ ዩኒቨርሲቲዎች አይጠፉም፤ ያ ግን በጎ ፈቃዳቸው እንጂ የአመልካቹ መብት አይደለም። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል፦ ለተማሪ ቪዛ የግድ የሚያስፈልገው «ካስ» የተባለው የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጠው ቅድመ ሁኔታዎቹ ተሟልተው ኦፈሩ «አንኮንዲሽናል» ሲሆን ነው። ስለዚህ ከ«እንኳን ደስ አለዎት» በፊት የሚነበበው የማሟያው ቀን ነው፤ ከተጠየቁት አንዱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሆነ፣ የሬጅስትራር ቢሮው ወረፋም ከዚያው ቀን ላይ ይቀነሳል።