ሕዝቡ እስኪበቃ ድረስ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥቷን አገኘች። ረቂቁን ያሰናዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ አብነት ያደረጉትም የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነበር። ሰነዱ ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጡለታል።

እስኪበቃ ድረስ! በቅቷል ብሎ የሚመሰክርለት ማን ነው? ምን ሲያውቅ፣ በስንት ዓመቱ ነው የሚበቃው? ሕገ መንግሥቱ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ቀን ያልተቆረጠለት ቀጠሮ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፓርላማው እንደገና ሲከፈትም ተራው ሰው እንደራሴውን በቀጥታ አይመርጥም ነበር።

ቀጠሮውን ያፋጠነው ከወደ ሰሜን የመጣ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 1944 ዓ.ም. ኤርትራ 68 አባላት ያሉት ጉባዔ መረጠች። በአስመራና በምጽዋ ምርጫው ቀጥተኛ ነበር፤ ፓርቲዎችም ተወዳድረውበታል። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲጸና፣ በዚያው ዘውድ ሥር ኤርትራ የተመረጠ ጉባዔ ይዛ ስትመጣ መሐል አገሩ ሹማምንት በመረጡት ምክር ቤት መቀጠሉ ዓይን የሚወጋ ሆነ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሰሞን፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ የመምረጥ መብት አገኘ። የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት እስከ 1963 ዓ.ም. መጠበቅ እንደነበረባቸው ስናስታውስ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተካሄደ፤ 210 እንደራሴዎችም ተመረጡ። ከእነርሱ መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። በፋሺስት ዘመን በኢጣሊያ ምድር ታስረው የነበሩት ደራሲና መምህርት የፓርላማው የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ።

እንግዲህ ሕዝቡ በእነዚያ 25 ዓመታት ውስጥ በቃ ማለት ነው? ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው በ1923ም በ1948ም ጥቂት ነበር። ከሕዝቡ ብቃት ይልቅ የተለወጠው የቤተ መንግሥቱ ችግር ነው።

በሩ ሲከፈትም ገርበብ ብሎ ነው። ገበሬው መምረጥ ይችላል፤ ለመመረጥ ግን በምርጫ ክልሉ ውስጥ ባለንብረት መሆን ነበረበት። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ስለዚህ ጭሰኛው በምርጫው ቀን ድምፁን ይዞ ሲመጣ ከፊቱ የሚያገኘው ዕጩ ከባለንብረቱ ወገን ነው። መዘዙ ብዙም አልቆየ። የጭሰኛንና የባለመሬትን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀረበ፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ተመሙ። ረቂቁ ግን እየተጣለና እየተነሣ ዓመታት አለፉ፤ ሕግ ሳይሆንም ቀረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አውርዶ ፓርላማውን በተነ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን አዋጅ ያወጁት አንድም መራጭ ያልመረጣቸው ወታደሮች ነበሩ። በድምፅ ሊፈታ ይገባ የነበረ ጥያቄ በጠመንጃ ተፈታ። የዚያን ዋጋ ስንት ቤተሰብ እንደከፈለ አንባቢ ያውቀዋል።

ደርግም በተራው በ1979 ዓ.ም. ምርጫ ጠራ። በጥር ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ በሰኔ የብሔራዊ ሸንጎ አባላት ተመረጡ። መራጩ ብዙ ነበር፤ ዕጩው ግን በኢሠፓ ወንፊት ያለፈ ብቻ ነው። በንጉሡ ጊዜ ወንፊቱ ንብረት ነበር፤ በደርግ ጊዜ ፓርቲ ሆነ። ሁለቱም ሕዝቡን ከምርጫው ቀን በፊት ቀድመውታል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተለየ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ክርክር ተሰማ፤ በየቡና ቤቱም ስለ መሬት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ወደብ ተወራ። በዕለቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰልፉ ረዘመ። ሕዝቡ በቅቶ እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው ያን ሰልፍ ማየት ይበቃው ነበር። ውጤቱ ግን ክርክር አስነሣ፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰው ሞተ፤ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ የወጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. አንድም አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «ታዲያ መምረጥ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ከታሪኩ የማነበው ሌላ ነው። ድምፅ ከንቱ ቢሆን ኖሮ ገዢዎች ሁሉ በወንፊት ለማጥለል ይህን ያህል ባልደከሙ ነበር። የተሸነፍነውም አብዛኛውን ጊዜ ከሣጥኑ ፊት ስንደርስ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ዕጩው ሲለይና መዝገቡ ሲሞላ፣ ዝም ባልንበት ሰዓት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ዝግጅቱ ቀደም ብሎ ይጀምር። በአገራችን ሕግ መራጭ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሊሆን ይገባል። ካልተመዘገበ ግን ዕድሜውም ኑሮውም አያስመርጠውም። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገቡ ይከበር፤ ካርዱም እንደ ቤት ካርታ ይጠበቅ። ቀጥሎ ዕጩው ይታወቅ፦ ከየት መጣ? ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሰላም ምን ተናገረ? ያለፈው ጊዜ ተመራጭ ከሆነስ ምን አደረገ? አሸናፊው በአብላጫ ድምፅ የሚለይ ነውና በአንድ ክልል ጥቂት ሰዎች ከቤት መቅረታቸው ወንበሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። በመጨረሻም ድምፅ ሰጥቶ ወደ ቤት መግባት ብቻ አይበቃም። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይደረጋል፤ ውጤቱም በጣቢያው ይለጠፋል። የሰፈር ሰው ሄዶ ቢያነብበው፣ ቁጥሩንም ጽፎ ቢይዝ፣ በኋላ ስሙ ለሚነሣው ክርክር ምስክር ይሆናል። ያን ሳያደርጉ ማማረር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የ1923ቱ ሹማምንት ሕዝቡ ሲበቃ ይመርጣል ብለው ነበር። መራጭ ግን እየመረጠ፣ እየተሳሳተ፣ በሚቀጥለውም እያረመ ነው የሚበቃው። ያን ዕድል ያጣ ሕዝብ መቶ ዓመት ቢጠብቅም በቅቷል የሚለው አያገኝም።