ደዌ ስለሚባለው ቃል

መካነ ሰላም የሚለው የከተማ ስም የተሠራው ከሁለት የግእዝ ቃላት ነው፤ ትርጓሜውም የሰላም ቦታ ማለት ነው። ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ በቦረናና ጥንታዊቱ ተድባበ ማርያም በምትገኝበት በአማራ ሳይንት፥ ግእዝ በመጻሕፍት ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ እንደ ሌላው የአማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ በሕዝቡ አንደበት ይሰማል። እንዲህ ካሉት ቃላት አንዱ ደዌ ነው። እኛም ዛሬ የዚህን ቃል ትርጓሜ ጥቂት ልንመረምር ወደድን።

ደዌ የወጣው ደወየ ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ታመመ ማለት ነው፤ የታመመውም ሰው ድውይ ይባላል። ቃሉ በሴም ቋንቋዎች ዘመዶች አሉት። በዕብራይስጥ በሰቆቃወ ኤርምያስ መጽሐፍ ይኸው ሥር በሐዘን የደከመ ልብን ይገልጻል፤ ስለዚህ የሥጋን ሕመም ብቻ ሳይሆን የነፍስንም ሥቃይ ይይዛል። በዓረብኛ ደግሞ የግሡ ትርጓሜ ታመመ ሲሆን፥ ከዚያው ሥር የወጣው ደዋእ መድኃኒት ማለት ነው። ከአንድ ሥር ሕመሙም ፈውሱም መብቀላቸው የሚያስደንቅ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ቃል ወደ ችሎት አስገብቶታል። ሰው በጽኑ ሲታመም የደዌ ዳኛ ያዘው ይባላል፤ ሕመሙ ሲረዝምም የአልጋ ቁራኛ ሆነ ይባላል። በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበርና፥ በሽተኛው ከአልጋው ጋር የታሰረ ተከሳሽ መሆኑ ነው። ጠያቂ ጎረቤትም ክርስቲያን ከሆነ እግዜር ይማርህ ይላል፤ ይህም የምሕረት ቃል ነው። እስላም ከሆነ አላህ ያሽርህ ይላል፤ ቁስል ሻረ እንደምንል ሁሉ ሹምም ተሻረ እንላለንና፥ ያ የደዌ ዳኛ ከሹመቱ ይውረድ ያለ ይመስላል። በወሎ ሁለቱም ምርቃት በአንድ በሽተኛ ራስጌ ይሰማል።

ነገር ግን አነጋገሩ የሚያምረውን ያህል አደጋም አለበት። ተከሳሽ ካለ በደል አለ ብሎ የሚያስብ ብዙ ነውና። የዚህም ፍርድ እጅግ የከበደው በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ነው። ሕዝቡ ቆማጣ በሚል የስድብ ስም ጠራቸው፤ በሽታው በዘር የሚወርድ መስሎት ከጋብቻና ከማዕድ አራቃቸው። ይሁን እንጂ የኖርዌዩ ሐኪም ሀንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ተሐዋሲ አገኘ፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህም በተቀናጀ መድኃኒት መዳን እንደሚቻል ታወቀ። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም እነዚህን ሕሙማን በማከም ሲታወቅ ኖሯል። በስድቡ ቃል ፈንታ ሥጋ ደዌ የሚለው ስም መለመዱ እንግዲህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የቀድሞው ስም የሰውየውን ጉድለት ሲቈጥር፥ ይህ ስም ግን በሽታውን ብቻ ይጠራል።

ክርስቲያኑ ኢዮብ፥ እስላሙም አዩብ ብሎ የሚያከብረው ታጋሽ ሰው ምስክራችን ነው። ወዳጆቹ በደዌው ምክንያት በደለኛ ቢያደርጉት፥ በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ የተወቀሱት እነርሱ ናቸው እንጂ እርሱ አይደለም።

ስለዚህ አስተማሪው ለተማሪው፥ ሹሙም ለባለጉዳዩ ይህን ቃል ሲናገር፥ የችሎቱን ወሬ ትቶ የምሕረቱን ወገን ቢይዝ መልካም ነው። የደዌ ዳኛ የያዘው ሰው ሁለተኛ ዳኛ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጠያቂና ሐኪም ነው።