ውጅግራ፦ አቅም ያነሰው ሰው ጠመንጃ

ከውርጌሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ብዙም ሳትርቁ ውጫሌ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ስለተፈረመው ውል ስናወራ ሁሌም 17ኛው አንቀጽ ላይ እንጣበቃለን። የጠመንጃውን ነገር ግን እንረሳዋለን። ጣሊያን ከውሉ ቀደም ብሎ ለምኒልክ 5,000 ረሚንግተን ቃል ገብቶ ነበር እኮ።

እሱ የንጉሥ ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው፣ በዚያችው ሊዘምትባትም፣ ከብቱን ሊጠብቅባትም የሚፈልግ ባላገርስ? እሱ ውጅግራ ይገዛል። ስሙ የፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» በእኛ አፍ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1874 የወጣ፣ አንድ ጎራሽ፣ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባውን ለበል ስትይዝ አሮጌው ረክሶ በጅቡቲ በኩል ጎረፈልን።

ምንሽር አምስት ጎራሽ ነው፣ ይፈጥናል፤ የውጅግራ ጭስ ደግሞ ተኳሹን ያሳብቃል። ታዲያ ለምን ተመረጠ? በጥይቱ ምክንያት ነው! ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ዕቃ ስለሚከብድ፣ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ጥይቱ በየገበያው የማይገኝ ጠመንጃ፣ ምንም ቢያምር፣ ዝናሩ ባዶ የሆነ ቀን ዱላ ነው። ሌላው ጣጣ ቀላል ነው፤ ማንገቻውም ዝናሩም ከአገር ቆዳ ይሠራል።

በ1928 ወደ ማይጨው ከዘመተው ባላገር ብዙው፣ አድዋ ካለፈ ከ40 ዓመት በኋላ፣ የያዘው ያንኑ ውጅግራ ነበር። ከላይ አውሮፕላን፣ ከታች አንድ ጎራሽ።