ሱኑት፦ የዓባይ ጎርፍ ያሳደገው ደን

በኻርቱም «ሻሪዕ አልጋባ» የሚባል ጎዳና አለ፤ «የደን ጎዳና» ማለት ነው። ከዴም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነጭ ዓባይ ዳርቻ የወረደ ሐበሻ ሁሉ ስሙን ሰምቶታል። ስሙ ግን እንዲሁ የወጣ አይደለም። ጎዳናው የሚያዋስነው እውነተኛ ደን ነበረ፤ ይኸውም የሱኑት ደን ነው። ስለዚያ ደን ታሪክ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ሱኑት በአማርኛ ግራር ነው። እንዲህ ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ የተርጓሚ መከራ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ሱዳናውያን በየስማቸው የሚጠሯቸውን ዛፎች የእኛ ቋንቋ ብዙውን ጊዜ «ግራር» ብሎ በአንድነት ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። ሙጫው ለዓለም ገበያ የሚቀርበው ሐሻብ ነው። እንጨቱ ለሴቶች የጢስ መታጠኛ የሚሆነው ጠልሕ ነው፤ በዴም የኖረች እኅት ሁሉ ሽታውን ታውቀዋለች። ሱኑት ከሁለቱም ይለያል። እርሱ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው፤ እግሩ በውኃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቢቆም አይሞትም። ቅርፊቱ ጥቁርና የተሰነጣጠቀ፣ እሾኹ ነጭና ጥንድ ጥንድ፣ አበባው ብጫ ድብልብል ነው። ጋራድ የሚባለው ፍሬው እንደ መቁጠሪያ በየዘሩ መካከል የጠበበ ሲሆን፣ ቆዳ ፋቂዎች ለቆዳ ማልፊያ፣ እናቶች ደግሞ ለጉንፋን ጢስ ይጠቀሙበታል።

በኦሪት ዘፀአት ታቦቱ የተሠራበትን እንጨት የግእዙ መጽሐፍ የግሪኩን ተከትሎ የማይነቅዝ እንጨት ይለዋል። ዕብራይስጡን የተከተለው አማርኛ ግን ዛፉን በስሙ ጠርቶ ግራር ይላል። የዕብራይስጡ ግራር የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ይሁን እንጂ ምስጥ የማይደፍረውን፣ ውኃ የማያበሰብሰውን የሱኑት ሳንቃ ያየ ሰው፣ ግእዙ ስሙን ትቶ ጠባዩን መተርጐሙ እምብዛም አያስከፋውም። በበኩሌ የግእዙን አብልጬ እወዳለሁ።

ስሙ ራሱ ጥንታዊ ነው። ዐረቦች ከግብፅ ወሰዱት፤ ግብፃውያን ደግሞ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ለዚሁ ዛፍ ከዚህ ብዙ ያልራቀ ስም ነበራቸው። ሄሮዶቱስ የዓባይን ጀልባዎች ሲገልጽ ከዚህ ከእሾኻማው ዛፍ እንጨት አጫጭር ሳንቃ ተቆርጦ እንደ ጡብ እየተደረበ ይሠሩ እንደ ነበር ጽፏል። ለእኛ ግን የሚቀርበው ታሪክ ከኻርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የመርዌ ታሪክ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ወደ ኖባና ወደ ካሱ አገር የዘመተው በዚሁ አካባቢ ነበር፤ ዘመቻውንም በድንጋይ አስቀርጾ ትቶልናል። መርዌ ብረት አቅላጭ ከተማ ነበረች። ምድጃዋም የሚነደው በከሰል ነው፤ ከሰሉም በአመዛኙ የሱኑት ከሰል ነበረ። ቀድሞ አንዳንድ ጸሓፊዎች መርዌ የወደቀችው ደኗን አንድዳ ስለ ጨረሰች ነው ይሉ ነበር። በቅርብ ዓመታት የብረት ዝቃጩን ክምር ቆፍረው ከሰሉን የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ የተነደደው ያው አንዱ ዛፍ ነበር። የተቆረጠው ሱኑት ተመልሶ ይበቅል ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ተመልሶ የሚያበቅለው ጎርፉ ነው፤ ጎርፉም የእኛ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ ተራሮች የዘነበው ዝናብ ደለሉን ተሸክሞ ኻርቱም ሲደርስ ነጭ ዓባይን ይገታዋል። ነጭ ዓባይ መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ዳርቻውንም ያለብሳል። የሱኑት ደን የቆመው ከመገናኛው ከሙግራን ጥቂት ወደ ደቡብ ብሎ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ነው። ስለዚህ ደኑን ያጠጣው ነጩ ወንዝ ቢሆንም ያስጠጣው ጥቁሩ ነው። (አውሮፓውያን «ሰማያዊ» የሚሉትን እኛ «ጥቁር ዓባይ» ማለታችንን እንደ ስሕተት የሚቈጥሩ አሉ። የሱዳን ዐረብ ግን «አዝረቅ» የሚለውን ቃል ለጥቁርም ይጠቀምበታልና የእኛው አጠራር ወደ ነገሩ ሳይቀርብ አይቀርም።) እንግሊዞች በ1937 የፈጸሙት የጀበል አውልያ ግድብም ይህንኑ የነጭ ዓባይን መገታት ተመልክቶ የተሠራ ነው። በ1940 ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በሱዳን ሲቈዩ ያረፉት በዚያው በጀበል አውልያ ነበርና፣ የአገራቸውን ክረምት በነጭ ዓባይ ከፍታ ላይ ማየታቸው አይቀርም።

ደኑን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የጥሩን ዐርብ አብዛኛው ሰው ያውቀዋል፤ የሱዳን ቤተ ሰብ ሁሉ ምንጣፉን ይዞ ይመጣል፣ ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች በየዛፉ ሥር ከሰላቸውን ያያይዛሉ፣ ከእነርሱም መካከል ጀበናዋን ከፊቷ ያስቀመጠች ያገራችን ልጅ አትጠፋም። መሬቱ ደርቆ የተሰነጠቀ ዋልካ ነው። በወንዙ በኩል ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች ሰፍረው ይታያሉ። እኔ ግን አብልጬ የማስታውሰው የነሐሴውን ነው። ሰው የለም፤ ውኃው በግንዶቹ መካከል ገብቶ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ ቀለሙ የጎጃም አፈር ቀለም ነው። ደኑ ከእኛ የደብር ደን ጋራ አይመሳሰልም። በደቡብ ጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተጠበቀው ደን ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ሐረጉ ተጠላልፎ ጨለማ ነው። ሱኑት ግን በአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የቆመ፣ ከሥሩ ገላጣ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ደን ነው። «ያ ዐም» ብዬ የጠራሁት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጎርፉ በየዓመቱ በግንዶቹ ላይ የተወውን የጭቃ መስመር በእጁ እያመለከተ አሳየኝ። የጎንደርን ወይም የደብረ ማርቆስን ዝናብ በኻርቱም ዛፍ ላይ መለካት ይቻላል ብሎ ማን ያስባል?

ደኑ ሳይነካ የኖረ ነው እንዳይባል፣ በቱርክ ዘመን ለጀልባና ለሳቂያ መንኰራኵር፣ ኋላም ለእንፋሎት መርከብ ማገዶ በዓባይ ዳር ሁሉ የነበረው ሱኑት ሲቆረጥ ኖሯል። በጥር 1885 ጎርደንን ለማዳን ወደ ኻርቱም የገሠገሡት መርከቦች ማገዶ ቢያጡ በወንዙ ዳር የቆሙትን ሳቂያዎች እየነቀሉ ያነዱ ነበር። እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ በ1901 የደን ሕግ አወጡ፤ ርኅራኄ ይዟቸው አይደለም፣ ለመርከቡ ማገዶ፣ ለባቡሩ ሐዲድ መጋደሚያ እንጨት ስላስፈለጋቸው ነው። በጥቁር ዓባይ ዳር ያሉትን የሱኑት ደኖች በተራ ከፋፍለው፣ አንዱን ክፍል ሲቆርጡ በምትኩ ጎርፉ ሲሸሽ በእርጥቡ ደለል ላይ ዘር እየበተኑ፣ ዛፉ 30 ዓመት ገደማ ሲሞላው እንደገና ይቆርጡ ነበር። የኻርቱሙ ደን ደግሞ በ1939 የአዕዋፍ መጠበቂያ ተብሎ ተከለለ። የቅኝ ገዥ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ደኑ በከተማ መካከል እስከ ዘመናችን የቆየው ሰው ስላልነካው ሳይሆን፣ የሚነካበት ሥርዐት ስለ ነበረው ይመስለኛል።

በ2000ዎቹ የነዳጁ ገንዘብ ኻርቱምን ሲያጥለቀልቅ፣ ከደኑ አጠገብ በሙግራን ሜዳ ላይ ፎቆችና የጎልፍ ሜዳ ያሉበት አዲስ ከተማ ሊሠራ ታቀደ። የአካባቢ ተቈርቋሪዎች ጮኹ፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። ደኑን ያጠፋው ግን ፎቅ አልነበረም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ተነሣ። ዴም ምን እንደ ሆነች ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፤ ብዙዎቻችሁ በገዳሪፍ አድርጋችሁ በመተማ የወጣችሁ ናችሁ። በከተማው የቀረው ሕዝብ መብራት አጣ፣ የማብሰያ ጋዝ አጣ፤ ዳቦ ጋገሪውም ወደ እንጨት ተመለሰ። ዘበኛ አልነበረም። ድኻው ለእሳቱ ቆረጠ፤ መጥረቢያና መኪና ያለው ደግሞ ለገበያ ቆረጠ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር መካከለኛውን ኻርቱም መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ስፍራው የገቡ ሰዎች ያገኙት በአብዛኛው የጉቶ ሜዳ ነው። የደን ጎዳና አሁን ስሙ ብቻ ቀርቶታል።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛም አገር ደርሷል። አዲስ አበባ በ1886 ከተቈረቈረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ጥድና ወይራ በማገዶ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ያዳናት በ1890ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ጥዱ ግን ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም። ለዚህ አንወቅሳቸውም፤ ጥድ ለቁም ነገር እስኪደርስ የሚጠብቅ ከተማ የለም። ኻርቱም ግን በዚህ ከአዲስ አበባ ትሻላለች። የአገሯ ዛፍ በሰው ዕድሜ ውስጥ ይደርሳልና፣ ፈጥኖ የሚያድግ እንግዳ ዛፍ ካላመጣን የሚል ምክንያት አያስፈልጋትም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። በጥቁር ዓባይ ላይ የስናር ግድብ በ1925፣ የሮዛይሬስ ግድብ በ1966 ተሠራ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ደግሞ በመስከረም 2025 ተመረቀ። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ያለዝበዋል። በ1988ና በ2020 ቤቱ በውኃ የተወሰደበት የኻርቱም ሰው በዚህ ቢደሰት ይገባዋል። ሱኑት ግን ያለዚያ ጎርፍ ዘሩ የሚያርፍበትን ትኩስ ደለል ከየት ያገኛል? ወደ ፊት ደኑን መልሶ ለማቆም የሚነሣ ሰው ውኃ የሚገባበትን ቦይ፣ ውኃውም የሚለቀቅበትን ወር ጭምር ከግድቦቹ ሰዎች ጋራ ሊነጋገርበት ግድ ይሆናል፤ ንግግሩም ከኻርቱም አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል።

ዘሩ ቅርብ ነው፤ ጋራድ ቆዳ ፋቂውም መድኀኒት ሻጩም ዘንድ አይጠፋም። ውኃው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሲሸሽ በእርጥቡ ደለል ላይ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት ፍየል እንዳይገባበት መጠበቅ ነው።